ምላሽ የማይሰጠው ወኪል

ቀን፦ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሁለቱ ሐይቆች የፍራፍሬ አምራቾች ኅብረት ሥራ ዩኒየን
ለቁጥጥር ኮሚቴ
አርባ ምንጭ

ጉዳዩ፦ ከላንቴ ሙዝ መረከቢያ ጣቢያ ወኪልነት እንድነሳ የተሰጠው ትእዛዝ እንዲታገድልኝና ትእዛዙ በትክክል ማንን እንደሚመለከት እንዲጣራልኝ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የኮሚቴው ሰብሳቢና አባላት፣

እኔ አመልካች ሻሺቱ ዳልጮ እስከ ግንቦት 25 ቀን ድረስ የጣቢያውን ቁልፍ፣ ሚዛንና ኮምፒውተር አስረክቤ ከሥራዬ እንድለቅ በዩኒየኑ አስተዳደር ክፍል ታዝዣለሁ። ትእዛዙ ምላሽ እንደማልሰጥ፣ የአሠራር ሥርዓቱን እንደማልደግፍ፣ ጊዜዬም እንዳለፈ ይናገራል። ስሜ ግን በአንድም ቦታ አልተጠቀሰም። ስሜ ለምን እንዳልተጠቀሰ አሁን ደርሼበታለሁ። የደረስኩበትን ለክፍሉ ኃላፊ ባስረዳም ትእዛዙ አልተነሳም። ወደ እናንተ የመጣሁት በዚህ ምክንያት ነው። ነገሩን ከመነሻው እንዳስረዳ ይፈቀድልኝ።

1. በጣቢያዎቻችን «ወኪል» የሚባለው አምራቾች በጉባኤ የሚመርጡት፣ ዩኒየኑ ደግሞ የሚቀጥረው ሠራተኛ ነው። ሙዙ ከማሳ ሲመጣ ይመዝናል፣ ደረጃ ያወጣል፣ ለጭነት መኪና ያስረክባል፣ ያንኑም በኮምፒውተር ያስገባል። እኔ ከዚህ በፊት የአማርኛ አስተማሪ ነበርኩ። የላንቴ አምራቾች መርጠውኝ ወደዚህ ሥራ ከገባሁ ወዲህ ሁለት ጊዜ በድጋሚ ተመርጫለሁ። ዩኒየኑ ያሠራልን የደረት መታወቂያ ሁለት ቋንቋ አለው። በአማርኛው በኩል «ወኪል» ይላል፤ በእንግሊዝኛው በኩል ደግሞ «ኤጀንት»። ይህንን አሁን መናገሬ ያለ ምክንያት አይደለም።

2. ባለፈው ኅዳር በየጣቢያው ባሉት ኮምፒውተሮች ላይ አንድ አዲስ ፕሮግራም ተጫነ። የአስተዳደር ክፍል ኃላፊው አቶ ታዴዎስ ሰብስበው እንዳስረዱን፣ ፕሮግራሙ የየጣቢያውን ማሽን ደኅንነት አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ካለው ዋናው ቢሮ ሆኖ ለመከታተል ያገለግላል። በቢሮው አንድ ገጽ አለ፤ የሚሠራው ጣቢያ አረንጓዴ፣ የተቋረጠው ቀይ ሆኖ ይታያል። አገልግሎቱን የሚሰጠው አዲስ አበባ ያለ ድርጅት ሲሆን በየወሩ በእንግሊዝኛ ዘገባ ይልካል። አቶ ታዴዎስ ማብራሪያቸውን የጨረሱት «ከእንግዲህ እዚሁ ቁጭ ብለን እናያችኋለን» በማለት ነበር። እንደ ቀልድ ተናግረውት ይሆናል። እኛ ግን እንደ ቀልድ አልሰማነውም።

3. ከዚያ ቀን ጀምሮ ጣቢያው ውስጥ ያለው ጨዋታ ተለወጠ። ሙዝ ሊያስረክቡ የሚመጡ ሰዎች ኮምፒውተሩ አጠገብ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ ጀመሩ። ጎረቤቴ አምራቹ አቶ ማቴዎስ አንድ ቀን ማሽኑን በጣታቸው እያመለከቱ «ሻሺቱ፣ ይሄ ነገር ጋሞኛ ይሰማል?» ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም አልኳቸው። «እንግዲያው የዩኒየኑን ነገር ውጭ እንጫወታለን» ብለው ወጡ። እኔም ብሆን አላመንኩትም። ማታ ጣቢያውን ስዘጋና ቀትር ላይ አቧራ ሲነሳ ማሽኑን በጨንቻ ሸማ እሸፍነው ነበር። ለአቧራው ነው፤ ለአቧራው ብቻ ነው ብዬ ግን መማል አልችልም።

4. ማሽኑ በጣቢያዎቻችን ካሉት ሁሉ አሮጌው ነው። ይህን ዩኒየኑ በጽሑፍ ካቀረብኩት አቤቱታ ያውቃል። ሲከፈት ያጉረመርማል፤ የቀኑን ሥራ ግን ሳያስገባ ቀርቶ አያውቅም። የጥር ወር ሊያልቅ ሲል አቶ ታዴዎስ ስልክ ደወሉልኝ።

«ወይዘሮ ሻሺቱ፣ ኮምፒውተሩን ለምን አጠፋችሁት?»

«አልጠፋም፣ እየጻፍኩበት ነው» አልኳቸው።

«እኛ ዘንድ ጠፍቷል።»

«እኔ ዘንድ በርቷል።»

«እንግዲያው ከሁለታችን አንዳችን ተሳስተናል» አሉና ዘጉት። ማን ብለው እንዳሰቡ ከድምፃቸው ያስታውቅ ነበር።

5. የካቲት 19 ቀን «ለላንቴ መረከቢያ ጣቢያ» በሚል አድራሻ የመጀመሪያው ማሳሰቢያ ደረሰኝ። ፍሬ ቃሉ ይህ ነው፦ «ከክትትል ዘገባው እንደተረጋገጠው የላንቴ ወኪል በተደጋጋሚ ሲጠራ ምላሽ አይሰጥም። ወኪሉ ምላሽ የማይሰጥበት ምክንያት ባስቸኳይ እንዲገለጽ።» በጣም ደነገጥኩ። ማን ጠርቶኝ ነው ዝም ያልኩት? ስልኬን አገላብጬ አየሁ፤ ያላነሳሁት ጥሪ አልነበረም። በማግስቱ በሚኒባስ ሲቀላ ወርጄ «ይኸው መጥቻለሁ፤ ማን ነበር የጠራኝ?» ብዬ ቢሮ ገባሁ። ምላሼን በጽሑፍ እንዳቀርብ ተነገረኝ። በጽሑፍ አቀረብኩ። ምላሽ አይሰጥም ለሚል ደብዳቤ በአካልም በጽሑፍም ምላሽ ሰጥቼ ተመለስኩ።

6. እዚህ ላይ አንድ የራሴን ድርጊት መግለጽ አለብኝ፤ ኋላ ማስረጃ ሆኖ ቀርቦብኛልና። አማርኛ ለአብዛኞቻችን ከጋሞኛ ቀጥሎ የተማርነው ቋንቋ ነው። በእኛ አካባቢ ሴቷን «መጣ»፣ ወንዱን «መጣች» የሚል ሰው ያጋጥማል፤ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። በአስተማሪነት ዘመኔ ልጆችን ስለዚሁ ሳርም ኖሬአለሁ። ስለዚህ ደብዳቤው እኔን ሴቷን «ወኪሉ» እና «አይሰጥም» ሲለኝ የተለመደው የጾታ ስህተት ነው ብዬ አለፍኩት። እንዲያውም የእጅ ልማድ ሆኖብኝ በእርሳስ አረምኩት፤ «ወኪሏ ምላሽ አትሰጥም» እንዲል አደረግሁት። የታረመውንም ቅጂ ከመልሴ ጋር አያይዤ ለቢሮው ሰጠሁ። እኔን የማይመለከተውን ክስ በገዛ እጄ ወደ ራሴ እንዳዞርኩት የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

7. መጋቢት 23 ቀን ሁለተኛው ደብዳቤ መጣ። ይኸኛው ለእኔ መድረሱ ብቻ አልበቃም፤ ቅጂው በጣቢያው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ ታዞ አቶ ታዴዎስ ራሳቸው ከጭነት መኪናው ጋር መጥተው ለጠፉት። እንዲህ ይላል፦ «ወኪሉ የአሠራር ሥርዓቱን እንደማይደግፍ ተረጋግጧል። ከዚህም በተጨማሪ በጣቢያው ማሽኑ በጨርቅ ተሸፍኖ እንደሚውል ተደርሶበታል።»

የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት፣ «ሥርዓቱን አይደግፍም» የሚል ጽሑፍ ማኅተም አርፎበት ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ በመንደር ምን እንደሚያስከትል ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። «የአሠራር» የምትለዋን ቃል አስተውሎ ያነበባት ሰው ጥቂት ነው። አቶ ማቴዎስ ሰሌዳው ፊት ቆመው አንብበው ሲያበቁ ወደ እኔ ዞረው «አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ፖለቲካ የጀመርሽው?» አሉኝ። ፈገግ ብለው ነው ያሉት፤ ከዚያ በኋላ ግን ጣቢያው በር ላይ እንደ ድሮው ቆመው አልተጫወቱም። በቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ጸሎት ላይ ስሜ ተጠርቶ ተጸለየልኝ። ለምን እንደተጸለየልኝ የነገረኝ ሰው የለም።

8. በዚያን ሰሞን የማልጠረጥረው ሰው አልነበረም። ፕሮግራሙ ጨርቁን ሊያይ አይችልም፤ ማሽኑ ካሜራ የለውም። እንግዲያው ጨርቁን ያየና ለቢሮው ያደረሰ ሰው አለ ማለት ነው። የመኪናውን ሾፌር ጠረጠርኩ። ጫኞቹን ጠረጠርኩ። አቶ ማቴዎስንም ጠረጠርኳቸው፤ ስለዚህ በዚህ አቤቱታ በኩል ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ። የእንግሊዝኛውን ዘገባ ወደ አማርኛ የምትመልሰውን የቢሮውን ጸሐፊ ምኞትን ጠርጥሬ ሲቀላ ድረስ ሄጄ ጠይቄያታለሁ። «እትዬ ሻሺቱ፣ እኔ የመጣልኝን ቃል ነው የመለስኩት፤ ምን አደረግሁ?» አለችኝ። ዘገባው ላይ ያለው ቃል ምን እንደሆነ ጠየቅኋት። የደረት መታወቂያዬን በጣቷ ነካ አድርጋ «ይሄው፣ ኤጀንት» አለችኝ። መታወቂያውን እኔም አየሁት። ትክክል ነበረች። እሷም አልዋሸችም። ጨርቁን ማን እንደነገራቸው እስከ ዛሬ አላውቅም።

9. ሚያዝያ 29 ቀን ሦስተኛውና የመጨረሻው ደብዳቤ ወጣ፦ «ወኪሉ ጊዜው ያለፈበት በመሆኑ ከአሠራር ሥርዓቱ ጋር ሊጣጣም አልቻለም። ስለዚህ ተወግዶ በአዲስ እንዲተካ በዘገባው በተሰጠው ምክረ ሐሳብ መሠረት ርክክቡ እስከ ግንቦት 25 ቀን ይፈጸም።» በዚሁ ደብዳቤ ወ/ሪት አቢጋኤል የምትባል ሠራተኛ በምትኬ መመደቧ ተገለጸ። ከግንቦት 4 ቀን ጀምሮም አጠገቤ ተቀምጣ ሥራውን እንድትለማመድ ተላከች።

ወ/ሪት አቢጋኤልን በሚመለከት ቅሬታ የለኝም። ጠዋት ስገባ ተነስታ እጅ የምትነሳ፣ ሥራ የምትወድ ልጅ ናት። የቀድሞዋ ወኪል በእርጅና ምክንያት እንደለቀቁ ተነግሯት ነበር የመጣችው። በሩ ላይ የሙዝ ዘለላ ተሸክሜ ስታየኝ «እትዬ፣ ያረጁት ወኪል የት ናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ነኝ አልኳት። ቀኑን ሙሉ ቀና ብላ አላየችኝም።

10. እሷ በተቀመጠችበት ዕለትም የሲቀላው ገጽ ቀይ እንደሆነ ዋለ። አቶ ታዴዎስ ደውለው «ሁለት ወኪል ተቀምጦ አንድም ምላሽ የለም!» ብለው ተቆጡ። በዚህ ጊዜ ነው ለርክክቡ ሲባል ማሽኑ እንዲፈተሽ ያዘዙት። ሲቀላ የጥገና ሱቅ ያላቸውና በውል የዩኒየኑን ኮምፒውተሮች የሚጠግኑት አቶ ሙህሲን ግንቦት 5 ቀን ወደ ላንቴ መጡ። ያደረጉትን ሁሉ አጠገባቸው ቆሜ አይቻለሁ፤ እንደሚከተለው ነው።

ሀ) መጀመሪያ የኢንተርኔት መስመሩን ፈተሹ። ይሠራል። የዕለቱን ርክክብ የምልከው በዚያው መስመር ስለሆነ ይህን እኔም አውቅ ነበር።

ለ) ቀጥለው ሰዓቱንና ቀኑን አዩ። በማሽኑ ውስጥ ያለችው ትንሽ ባትሪ ስለደከመች ማሽኑ በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ እኔ ጠዋት ጠዋት አስተካክለዋለሁ። ቀኑ ከተሳሳተ ፕሮግራሙ የሚታዘዝበት ማዕከል ማሽኑን ላያምነው እንደሚችል ነገሩኝና ባትሪዋን ቀየሩ። ሲቀላ ደውለው ገጹ እንዲታይ አደረጉ፤ አሁንም ቀይ ነው።

ሐ) የቫይረስ መከላከያው ፕሮግራሙን አግዶት እንደሆነ መረመሩ። አላገደውም።

መ) በመጨረሻ ፕሮግራሙን አውጥተው እንደገና ሊጭኑት ሞከሩ። በዚህ ጊዜ ማሽኑ አንድ ጽሑፍ አወጣ፤ እሳቸውም ወደ ወንበሩ ደገፍ ብለው «ኤጀንቱ እምቢ አለ» አሉ።

11. ከዚህ በኋላ የተባባልነውን እንዳለ እጽፋለሁ፤ ጉዳዩ በሙሉ ያለው እዚህ ላይ ነውና።

እኔ፣ ደረቴ ላይ «ኤጀንት» የሚል ስለተጻፈ፣ «እኔ ምንም እምቢ አላልኩም» አልኳቸው።

አቶ ሙህሲን ሳቁ። «እትዬ፣ እርስዎን ማን ተናገረዎት? ውስጥ ያለውን ነው የምለው።»

«ውስጥ ያለው ማን ነው?»

«ፕሮግራሙ ነዋ! ከሲቀላ ሲጠሩት አቤት የሚለው። ስሙ ኤጀንት ነው። ጥር ላይ ከማዕከሉ በራሱ ጊዜ ታድሷል፤ አዲሱ ደግሞ ማሽኑ የሚሠራበትን ይሄን አሮጌ ኦፕሬቲንግ ሲስተም አልደግፍም ብሏል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቢጠሩት ምላሽ አይሰጥም።»

ወ/ሪት አቢጋኤል ተነሳች። ሰሌዳው ጋ ሄዳ ሁለተኛውን ደብዳቤ ነቀለችና ከማሽኑ ጽሑፍ ጎን ያዘችው። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ወኪሉ የአሠራር ሥርዓቱን እንደማይደግፍ ተረጋግጧል» ብላ አነበበች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «እትዬ፣ ይሄ እርስዎን አይደለም» አለች። አቶ ሙህሲን ደብዳቤውን ተቀብለው ራሳቸው አነበቡትና መሳቅ አቆሙ። ሙዝ ይዘው በር ላይ የቆሙት አቶ ማቴዎስ «ታዲያ ከሥራ የሚባረረው ማሽኑ ነው ማለት ነው?» አሉ። ወ/ሪት አቢጋኤል ደብዳቤውን መልሳ በቦታው ለጠፈችው፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት ነቅላ ብትጥል እሷም መጠየቋ አይቀርምና አልከለከልኳትም።

12. እንግዲህ የሆነው ይህ ነው። ድርጅቱ በእንግሊዝኛ ዘገባው «ኤጀንቱ ምላሽ አይሰጥም» ያለው ፕሮግራሙን ነው። «ይህን ኦፕሬቲንግ ሲስተም አይደግፍም» ያለው ፕሮግራሙን ነው። «ጊዜው አልፎበታል፤ አውጥታችሁ በአዲስ ተኩት» ያለውም ፕሮግራሙንና ማሽኑን ነው። ጸሐፊዋ ኤጀንትን «ወኪል»፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተምን «የአሠራር ሥርዓት» ስትል፣ በዩኒየናችን ወኪል የሚባል ሰው ስላለ ቃሉ ወደ እኔ ዞረ። ፕሮግራሙ ወንድ ሆኖ ተጻፈ፤ እኔ ሴት ነኝ። ሌላ አገር ቢሆን ይኸው ብቻ ያስጠረጥር ነበር። እኛ ዘንድ ግን ማንም ሳይጠይቅ አለፈው፤ ከማንም በፊት ያለፍኩትም እኔው ነኝ።

13. አቶ ሙህሲን የምርመራ ውጤታቸውን በአንድ ገጽ ጽፈው ፈረሙበት፤ ቅጂው ከዚህ ጋር ተያይዟል። ሁለት መፍትሔም አስቀምጠዋል። የመጀመሪያው ማሽኑን መቀየር ነው፤ ይህ አሮጌ ማሽን አዲሱን ሲስተም ለመሸከም አቅም የለውም። ሁለተኛው ጊዜያዊ ነው፤ የፕሮግራሙን የቀድሞ ቅጂ መልሶ መጫንና በራሱ እንዳይታደስ ማድረግ። ለዚህ የሚያስፈልገው የይለፍ ቃል ያለው በዋናው ቢሮ ነው። አቶ ሙህሲን እዚያው ሆነው ለአቶ ታዴዎስ ደወሉ። የተሰጣቸው መልስ «ወኪሉ ከተተካ በኋላ ይታያል» የሚል ነበር። ስልኩ በድምፅ ማጉያ ላይ ስለነበር አራታችንም ሰምተነዋል።

14. በማግስቱ ግንቦት 6 ቀን የአቶ ሙህሲንን ጽሑፍ ይዤ አቶ ታዴዎስ ቢሮ ቀረብኩ። ከላይ እስከ ታች አነበቡት። አልተቆጡም። የተናገሩትን በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ።

ስህተት መሆኑን አልካዱም። «ቢሆንም ደብዳቤው ወጥቷል፣ ቁጥር ተሰጥቶታል፣ ቦርዱም ያውቀዋል። አሁን ኮምፒውተሩን ነው ለማለት የፈለግነው ብዬ ልጻፍ? ቦርዱ ፊት መሳቂያ ልታደርጉኝ ነው?» አሉ።

ለእሳቸው መሳቂያ አለመሆን እኔ ከሥራ መውጣት አለብኝ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። የእርሳስ እርማቴን ከመሳቢያ አወጡ። «ይሄንን ማን ጻፈው? ወኪሏ፣ አትሰጥም ይላል። ስለ ራስዎ መሆኑን አምነው አይደል ያረሙት?»

እርማቱ የሰዋስው እንደሆነ አስረዳኋቸው። ወረቀቱን ወደ መሳቢያው መለሱና «እውነቱን እንነጋገር ካሉ ግን ወይዘሮ ሻሺቱ፣ እርስዎስ ቢሆን ጊዜዎ አላለፈም?» አሉኝ።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የሆነውን ሁሉ ስህተት ብዬ ለመቀበል ዝግጁ ነበርኩ። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ያለውን ግን ስህተት ብዬ መጥራት አልቻልኩም፤ አውቆ የሚሳሳት ሰው የለምና።

15. ከቢሮው ስወጣ ያየሁትን አንድ ነገር ጨምሬ አቀርባለሁ። ይህን እንደ ጥርጣሬ እንጂ እንደ ክስ እንዳትወስዱብኝ እለምናለሁ። ለጣቢያዎች አዳዲስ ኮምፒውተሮች እንደሚሰጡ በጥር ወር በጉባኤ ተነግሮ ነበር። ለጨንቻ ደርሷል። ላንቴ ወረፋ እየጠበቀች እንደሆነ ስንሰማ ከርመናል። በአቶ ታዴዎስ ቢሮ በጠረጴዛው ስር፣ ከላዩ የሻይ ፔርሙዝ የተቀመጠበት ያልተከፈተ ካርቶን አለ። በጎኑ በወፍራም እስክሪብቶ «ላንቴ» ተብሎ ተጽፎበታል። ምንድነው ብዬ ጠየቅሁ።

«እሱ ለአዲሷ ወኪል ነው» አሉኝ።

ይህን ቃል ወደ ላንቴ ስመለስ በሚኒባሱ ውስጥ ደጋግሜ አሰብኩት። ነገሩ እንደታሰበው ከሆነ ግንቦት 25 ቀን እኔ እወጣለሁ፣ ወ/ሪት አቢጋኤል ትገባለች፣ በዚያው ዕለት ካርቶኑ ይከፈታል። አዲሱ ማሽን አዲሱን ፕሮግራም ይቀበላል። የሲቀላው ገጽ አረንጓዴ ይሆናል። ቦርዱ ያያል፣ አምራቹም ይሰማል፤ ሻሺቱ ስትወጣ ተስተካከለ ይባላል። ከዚያ በኋላ እኔ ስለ ኤጀንትና ስለ ወኪል ብናገር የሚሰማኝ አይኖርም። ሥርዓቱን አይደግፍም የተባለው ቃል ግን ከእኔ ጋር ወደ ቤቴ ይገባል፤ ከልጆቼም ጋር ይኖራል።

ይህ ታቅዶ ይሁን እንዲያው በአጋጣሚ የተገጣጠመ አላውቅም። ስለማላውቅ ነው ለእናንተ የማመለክተው።

16. አቶ ሙህሲን ላንቴ በነበሩበት ጊዜ መስመሩን፣ ባትሪውንና መከላከያውን ለምን በአንድ ጊዜ አስተካክለው እንደማይገላገሉ ጠይቄአቸው ነበር። «ሁለት ነገር አብረው ከቀየሩ የትኛው እንደተበላሸ አያውቁም፤ አንዱን ቀይሮ ማየት፣ ከዚያ ወደ ሌላው» ብለው መለሱልኝ። ከኮሚቴው የምጠይቀውም ከዚህ የበለጠ አይደለም።

ስለዚህ፦

አንደኛ፣ የሚያዝያ 29 ቀን ትእዛዝ ኮሚቴው ጉዳዩን እስኪያጣራ ድረስ ታግዶ እንዲቆይ፤

ሁለተኛ፣ የእንግሊዝኛው ዘገባ ከዩኒየኑ ውጭ ባለ ሁለቱንም ቋንቋ በሚያውቅ ሰው እንደገና እንዲተረጎምና «ወኪል» የተባለው ማን እንደሆነ በግልጽ እንዲጻፍ፤ ያለፉት ሦስት ደብዳቤዎች እኔን የሚመለከቱ ናቸው የሚባል ከሆነም ስሜ ተጠርቶ ጥፋቴ እንዲነገረኝ፤

ሦስተኛ፣ «ላንቴ» የተባለው ካርቶን ከግንቦት 25 ቀን በፊት ወደ ላንቴ መጥቶ እንዲከፈት፣ ማሽኑም እኔ በወኪልነት ወንበሬ ላይ እያለሁ እንዲተከል፣ በዚያን ሰዓትም ከእናንተ አንድ አባል ሲቀላ ገጹ ፊት፣ አንድ አባል ላንቴ ጣቢያው ውስጥ እንዲገኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ማሽኑ ተቀይሮ፣ ሰው ሳይቀየር፣ ገጹ አሁንም ቀይ ሆኖ ከቀረ ጥፋቱ የእኔ ነው ማለት ነው። በዚያው ሰዓት የጣቢያውን ቁልፍ ለወ/ሪት አቢጋኤል አስረክቤ እወጣለሁ፤ ሌላ አቤቱታም ለማንም አልጽፍም። አረንጓዴ ከሆነ ግን ሌላ ካሣ አልፈልግም። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ያለው ደብዳቤ፣ አምራቾች ሙዝ በሚያስረክቡበት ሰዓት፣ በለጠፉት ሰው እጅ ይነሳልኝ።

ውሳኔያችሁን በጣቢያዬ ሆኜ እየጠበቅሁ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ሻሺቱ ዳልጮ
የላንቴ ሙዝ መረከቢያ ጣቢያ ወኪል

ግልባጭ፦
ለዩኒየኑ ሥራ አመራር ቦርድ
ለአስተዳደር ክፍል
አርባ ምንጭ

አባሪ፦ የአቶ ሙህሲን የምርመራ ውጤት፣ አንድ ገጽ